ማግኔት ስልክ ይገድላል? ከመርካቶ ያመጣሁት ባለማግኔት የጥገና ሣጥን ከዘጠኝ ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ወንድም ጋሼ ነው፤ እሱ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የራሱን ቤት ሲከፍት ይቺን አንድ በር ለእኔ ለቀቀልኝ። ጥቅምት ላይ ለሱቄ ስክሪንና ባትሪ ልገዛ አዲስ አበባ ገብቼ ሳለ መርካቶ ውስጥ አንድ ሣጥን ዓይኔ ውስጥ ገባ። አራት ዕቃ በአንድ ላይ ነው፦ ሃያ አራት ጫፍ ያለው ካቻቪቴ፣ ብሎን የሚይዝ የማግኔት ምንጣፍ፣ ብረትን ማግኔት የሚያደርግና መልሶ የሚያጠፋ ክብሪት የሚያህል ጥቁር ቁራጭ፣ እንዲሁም እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተመዘዘ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ብርቱ ማግኔት ያለው ማንሻ ዘንግ። ሻጩ ሦስት ሺህ ብር ጠራ፤ ተከራክሬ በ2,400 ወሰድኩት።

ይኸው ዘጠኝ ወር ሠራሁበት። ስለ ዕቃው ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ዕቃው ራሱ ሳይሆን የደንበኞቼ ጥያቄ ነው። ምንጣፉን ጠረጴዛዬ ላይ ካነጠፍኩበት ቀን ጀምሮ ብሎኖቹ ቀጥ ብለው ቆመው ያየ ሁሉ ይደነግጣል። “ይሄ ማግኔት አይደል? ስልኬን እንዳያበላሽብኝ!” ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ደረቱ ላይ የሚያቅፍም አለ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ ስላልሆነ በደንብ መመለስ ይገባኛል ብዬ ብዙ ነገር ሞከርኩ።

ጥር ላይ ከመሐል ሜዳ አንድ አባት መጡ፤ በርኖሳቸውን እንደለበሱ፣ ሬዲዮናቸውን በነጠላ ጠቅልለው። የባትሪው መያዣ ዝጎ ነበር። ብሎኖቹን ፈትቼ ምንጣፉ ላይ ስደረድር አዩና፣

“እታለም፣ ማግኔት ሬዲዮ ይገድላል ሲሉ ሰምቼ ነበር” አሉኝ።

“አባባ፣ የእርስዎ ሬዲዮ እኮ ራሱ ማግኔት አለው” አልኳቸው። ጀርባውን ከፍቼ ካቻቪቴዬን ወደ ድምፅ ማጉያው ቂጥ አስጠጋሁት፤ ቀጭ ብሎ ተለጠፈ። ተገረሙ። “ይሄ ሁሉ ዘመን አብሮት ሲኖር?” አሉ።

ጥያቄያቸው ልክ ስለነበር አላቋረጥኩም። ሬዲዮኑን ከፍቼ መካከለኛ ሞገድ ላይ ጥሩ የሚሰማ ጣቢያ አገኘሁ። ከውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ፤ ፌራይት ይባላል፣ የመካከለኛ ሞገድ አንቴናው እሱ ነው። የማንሻውን ጫፍ ወደ ዘንጉ አስጠጋሁ። ሲነካ አይደለም፣ ጣት የሚያህል ሲቀረው ድምፁ ሸሸ፣ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ሳርቀው ጣቢያው ተመልሶ መጣ። እንደገና አስጠጋሁ፣ እንደገና ሸሸ። አዛውንቱ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሦስት ጊዜ አዳመጡና፣ “አሃ፣ ያፍነዋል እንጂ አይገድለውም” አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው በእሳቸው ቃል ነው። ነገሩም ይኸው ነው። ማግኔት አጠገቡ ሲመጣ ፌራይቱ ይጠግብና፣ ማለትም ሌላ ማግኔት መቀበል አቅቶት፣ ሞገዱን እንደወትሮው መሰብሰብ ያቅተዋል፣ ጣቢያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ማግኔቱ ሲርቅ ይመለሳል። በስልክ ቦርድ ላይ ያሉት ትንንሽ ኮይሎችም (የሽቦ ጥቅሎች) ጠባያቸው ይመሳሰላል። ቮልቴጅ የሚቀንሱት ኮይሎች ብርቱ ማግኔት ከተለጠፈባቸው ጠግበው ከወትሮው የበለጠ ከረንት ሊስቡ ይችላሉ። ይሄ የሚሆነው ግን ስልኩ በርቶ እየሠራ ሳለ ነው። እኔ የምከፍተው ስልክ ጠፍቶ ባትሪውም ተነቅሎ ነው፤ ስለዚህ በጥገና ጠረጴዛ ላይ ይሄ አያሰጋም።

አይሲውስ፣ ቦርዱ ላይ ያለው ጥቁር ቺፕ? አይሲ ሲሊከን ነው፣ መስመሩ መዳብ ነው፤ ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም። የሚሞሪ ካርድና የስልክ ውስጥ ማከማቻ ፎቷችሁን የሚይዙት በኤሌክትሪክ ሙል ነው፣ እንደ ድሮው ካሴት በማግኔት አይደለም። ይሄንን በአፍ ብቻ አልተውኩትም። ከሞተ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሁለቱን ጨረቃ መሳይ ማግኔቶች አወጣሁ። እነሱን ለማላቀቅ ፒንሳ ያስፈልጋል፤ ጣት ከገባባቸው ደም ያቋጥራሉ። የራሴን ባለ 2 ጊጋ ካርድ፣ መዝሙርና የእህቴ ሠርግ ፎቶ ያለበትን፣ በሁለቱ መሀል አስገብቼ አሳደርኩት። ጠዋት አንድ በአንድ ከፈትኩ። አንድም አልጎደለም። ሲም ካርድም አሳደርኩ፣ በማግስቱ ደወልኩበት። የአንድ ባለቁልፍ ስልክ ቦርድ ላይም ለጥፌ ሳምንት ተውኩት፤ ስልኩ ዛሬም ይሠራል።

የእነዚያ ማግኔቶች ጉልበት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኒዮዲሚየም ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጃፓናዊው ማሳቶ ሳጋዋ በአንድ ወገን፣ አሜሪካኖች በሌላ ወገን የደረሱባቸው ናቸው። የማግኔት ጉልበት በቴስላ ይለካል፤ የእነሱ ፊታቸው ላይ 0.4 ቴስላ አካባቢ ነው። የምድራችን ማግኔት በእኛ አገር 36 ማይክሮቴስላ (የቴስላ ሚሊዮንኛ) ገደማ ስለሆነ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣሉ ማለት ነው። ያም ሆኖ ማግኔቱን በቦርዱ ላይ ሽው ብታደርጉት የሚወልደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስመር ቀለበት ወስዳችሁ ማግኔቱን በመቶኛ ሴኮንድ ውስጥ ብታሳልፉበት 4 ሚሊቮልት ነው የሚመጣው፤ አይሲ ውስጥ ያለች አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ትራንዚስተር የምንላት፣ ለመንቃት እንኳ 600 ሚሊቮልት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አይፎን 12 ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ የማግኔት ቀለበት ከስልኩ ጀርባ ውስጥ ቀብሮ መሸጥ ጀምሯል።

የሚታፈኑ ነገሮች ግን አሉ፣ ደንበኛም የሚደነግጠው በነሱ ነው። ኮምፓሱ ይስታል፤ ስልኩን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር እያስመሰላችሁ ብታዞሩት ይስተካከላል። የአንዳንድ ስልክ ካሜራ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው በማግኔት ስለሆነ ማግኔት አጠገቡ ካለ ፎቶው ይደበዝዛል። አንዲት መምህርት ደግሞ “ስክሪኑ ሞተብኝ” ብላ ታብሌት አመጣች፤ የሞተ ነገር የለም። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ማግኔት ዞራ ከጀርባ ተለጥፋ ታብሌቱን “ተዘግተሃል” እያለችው ነበር። ክዳኑን አወለቅኩት፣ በራ። ገንዘብ አልተቀበልኳትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። እኔ ማግኔቱን አልፈራም፤ የምፈራው ማግኔቱ የሚሰበስበውን ነው።

ጎረቤቴ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ግራይንደሩ ሲጮህ ይውላል፣ የብረቱ ብናኝ በነፋስ ይመጣል። ድሮ ይሄ ብናኝ ወለል ላይ ወርዶ በመጥረጊያ ይሄድ ነበር። ምንጣፉ ከመጣ በኋላ ግን ማረፊያ አገኘ። በሁለት ሳምንት ምንጣፉ ጢም አበቀለ። ዳርና ዳሩን በብርሃን አዘንብላችሁ ብታዩት፣ ከፀጉር የቀጠኑ ጥቋቁር እሾሆች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እፍ ቢሉት ይነቃነቃሉ እንጂ አይሄዱም። ቢጠርጉት ደግሞ ይጋደሙና ሌላ ቦታ ላይ ይቆማሉ።

ታህሳስ ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ይዛ መጣች። ፈተና ላይ ነበረችና በዚያው ቀን ትፈልገዋለች። የቻርጅ መግቢያውን ቀየርኩ፣ ብየዳው ያማረ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ብዬ ቦርዱን ለአፍታ ምንጣፉ ላይ አሳረፍኩት። ባትሪውን ከመሰካቴ በፊት እንደ ልማዴ በፓወር ሰፕላይ፣ በባትሪ ፈንታ ኤሌክትሪክ እየሰጠ የሚሳበውን በሚያሳይ መሣሪያ፣ ሞከርኩ፤ ማብሪያውን ሳልነካው 0.14 አምፔር ይስባል። ዜሮ ነበር መሆን ያለበት። ብየዳዬን እንደገና አየሁ፣ ምንም የለውም። ማይክሮስኮፕ ስር አድርጌ ቀስ እያልኩ ሳዞረው አገኘኋት፦ አንዲት የብረት ጭረት፣ በመግቢያው ሁለት እግሮች መሀል እንደ ድልድይ ተጋድማለች። በአልኮልና በብሩሽ ጠረግኳት፣ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ሳልሞክር ባትሪውን ሰክቼ ቢሆን ኖሮ የቻርጁ አይሲ ሊቃጠል ይችል ነበር። ያቺ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀችኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳት፤ የእጄን ዋጋም ግማሹን ተውኩላት።

ከዚያ ወዲህ ቦርድ ምንጣፉ ላይ አያርፍም። ምንጣፉ የብሎን ነው፣ የብሎን ብቻ። ጢሙን የማወጣውም በሰፊ ፕላስተር ነው፤ ለጥፎ መንቀል፣ በየቀኑ ጠዋት ሱቅ ስከፍት። ሦስት ዙር ይበቃዋል። ማንሻው ዘንግ ደግሞ ከምንጣፉ በብዙ እጥፍ የበረታ ስለሆነ ጫፉን በላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጠዋለሁ፤ ላስቲኩን ሳወልቀው ብናኙ አብሮት ይወልቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ወረንጦዬ ላይ የመጣው ነው። አንድ ቀን 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር የሆነች ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የምትይዝ የቦርድ ዕቃ፣ ላስቀምጥ ነበር፤ ጤፍ ከሷ ይተልቃል ማለት ይቻላል። ቦታዋ ላይ አደርጋታለሁ፣ ቆርቆሮው ይቀልጣል፣ ወረንጦውን ሳነሳ አብራ ትነሳለች። እንደ መዥገር ተጣብቃ። የወረንጦውን አፍ ብከፍተው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ትዞራለች እንጂ አትወርድም። እጄ ላብ አለው ብዬ ታጠብኩ፣ ወረንጦውን በአልኮል ጠረግኩ፣ እንደዚያው ነው። አንዷን ጭራሽ አጣኋት፤ ከሌላ የሞተ ቦርድ ላይ ነቅዬ ተካሁ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ወረንጦዬ ሌሊቱን ሣጥኑ ውስጥ ከማንሻው ዘንግ ጋር ተጠጋግቶ አድሯል፣ እሱም ማግኔት ሆኗል። የካፓሲተሯ ሁለት ጫፎች ደግሞ ኒኬል የተቀቡ ናቸው፣ ኒኬልን ማግኔት ይስበዋል። ያን ጊዜ ነው የጥቁሯ ቁራጭ ጥቅም የታየኝ። ወረንጦውን በማጥፊያው በኩል፣ በደረጃዎቹ ላይ ቀስ እያልኩ ከጥልቁ ወደ ጥልቀት የሌለው አሳለፍኩት፤ ሦስት ጊዜ። ካፓሲተሯን ለቀቀ። ወረንጦ የምትገዙ ሰዎች ወደ ማግኔት አስጠግታችሁ የማይሳበውን ምረጡ፤ አለ፣ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ዋጋው ነው።

ዕቃው የሚጎድለው ነገርም አለ። ሣጥኑ ላይ “ለስልክ ጥገና የተሟላ” ይላል፤ ሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚያወርደው የእጅ ማሰሪያ ግን የለውም። በእኛ አገር ይሄ ከባድ ጉድለት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታህሳስ ውርጩ ሲወርድ አየሩ ይደርቃል፣ ሰውም በሱፍና በሹራብ ይጠቀለላል። በጨለማ ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ኤሌክትሪክ እጃችሁን ነዝሮ እንዲሰማችሁ 3,000 ቮልት ያህል መድረስ አለበት፤ አንዳንድ አይሲ ግን ከመቶ ቮልት በታች በሆነውም ይጎዳል። ሳይሰማችሁ ትገድሉታላችሁ ማለት ነው። ምንጣፉ ደግሞ ፊቱ ልሙጥ ፕላስቲክ ነው፤ ሲያሹት እሱም ይሞላል። ለዚህም ጭምር ነው ቦርድ አይረፍበት የምለው። እኔ ማሰሪያውን ለብቻው ገዝቼ ከምድር ጋር በተገናኘ ሽቦ አስሬዋለሁ። በርኖስ ለብሰው ገብተው ማግኔቱን ለሚፈሩ ደንበኞቼም ይህንኑ በአክብሮት እነግራቸዋለሁ።

ማግኔቱ በእውነት የሚጎዳቸው ነገሮች ስላሉ እነሱንም ልንገራችሁ። ልባቸው ላይ የምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች ብርቱ ማግኔት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቃቸው፤ መሣሪያው ማግኔት ሲጠጋው አሠራሩን ይቀይራል። እንዲህ ያሉ ደንበኛ ከመጡ ዘንጉን ከቤት አወጣዋለሁ። በመጠምዘዣ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ይፈጥናል። ጥቁር መስመር ያለው የባንክ ካርድ መስመሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ወርቃማዋ ቺፕ ግን ምንም አትሆንም። ጀርባው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ቀለሙ ይዘባረቃል። ካሴት ደግሞ ይደመሰሳል፣ እሱ ከሄደ አይመለስም። የአያቴ ድምፅ የተቀዳበት አንድ ካሴት አለኝ፣ የአንኮበርን ነገር እያወራች፤ ያንን እዚህ ሱቅ ውስጥ በፍጹም አላስገባውም። ትንንሽ ማግኔቶችንም ከሕፃናት አርቁ፤ ሁለቱን የዋጠ ልጅ አንጀቱ መሀል ተሳስበው ይበሱታል።

ስለ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ልበል። ካቻቪቴው መካከለኛ ነው። የመስቀል ጫፎቹ እስካሁን ጥሩ ናቸው፤ ባለአምስት ጥርሱ ግን በሁለት ወሩ ዞረ፣ የአንድ ደንበኛ ብሎንም ይዞ ሊበላ ነበር። መርካቶ ስመለስ ለሻጩ ባሳየው “ጫፍ አይቀየርም” ብሎ መለሰኝ። ዘንጉ ወንበር ስር የገባ ብሎን ለማንሳት ጥሩ ነው፤ ቦርድ ላይ ግን አይጠጋም። የብየዳው ሙቀትም አይስማማውም፤ ተራ ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ከሙቅ አየሩ አጠገብ ረስቼው፣ ድሮ ፒንሳ የሚያነሳው ዛሬ ካቻቪቴም ይከብደዋል። ጥቁሯ ቁራጭ ትንሽ ናት፣ ግን በየቀኑ እነካታለሁ።

ምንጣፉን እወደዋለሁ። ማግኔቱ ለስለስ ያለ ነው፣ ብሎን ከመያዝ አያልፍም፤ ፊቱ በመስመር የተከፋፈለ ነው፣ በማርከር ይጻፍበታል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ብሎኑን ከየት እንደፈታሁት እዚያው አጠገቡ እጽፋለሁ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አይፎን ውስጥ አንዱ ብሎን ከሌላው በጥቂት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ ረጅሙን በአጭሩ ጉድጓድ ብታጠብቁት ከስር ያለውን የቦርድ መስመር ይበሳል። በዚህ ምክንያት ሞቶ የመጣልኝ ስልክ በወንድም ጋሼ ጊዜም በእኔም ጊዜ አለ፤ በማግኔት ሞቶ የመጣ ግን አንድም አላየሁም። ሁሉም ብሎን እንደማይሳብ ግን እወቁ፣ አንዳንዱ ማግኔት የማይነካው ነው፤ እሱን በቁራጭ ፕላስተር ከቦታው ላይ አጣብቁት።

ሙሉ ሣጥኑን ግዙ አልልም። መርካቶ ውስጥ ምንጣፉን ለብቻው በ600፣ ቁራጯን በ350 ብር አግኝቻለሁ፤ በቀረው ገንዘብ የእጅ ማሰሪያና ማግኔት የማይነካው ወረንጦ ይገዛል። ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ለወንድም ጋሼ የላክሁለትም እነዚህን አራቱን ነው፤ ከሰፊ ፕላስተር ጋር፣ ከእሱም ሱቅ አጠገብ ብረት ቤት ስላለ።